ደጋግማ ብትረግጠው

መኪናዋ ቁልቁለቱን እስከ ታች ወርዳ የብሎኬት መጋዘኑን ግድግዳ በአፍንጫዋ መታችው። ግድግዳው በተሳፋሪው በኩል ተደርምሶባት እዚያ ጋ ወንበር የሚባል ነገር አልቀረም። ሰው ተቀምጦበት ቢሆን ኖሮ የምናነሳው ሬሳ አይኖርም፤ የምንጠርገው ነበር። ስትነዳ የነበረችው ሴት ግን መልኳ አልተነካም። የገደላት ደረቷን የሰበረው መሪ ነው። ሁለት እጇ መሪውን እንደጨበጠ፣ ቀኝ እግሯም ፍሬኑ ላይ እንደቆመ ነበር። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቷል። እግሯን ከላዩ ለማንሳት ሁለት ሰው አስፈለገን፤ ሞታም እየረገጠችው ነበር።

«ፍሬን እምቢ ብሏት ነው» አለኝ የትራፊክ ፖሊሱ። «አስፋልቱ ላይ አንድ ጭረት ካገኘህ እኔን ጥራኝ። መንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች 'ወደ እኛ መጥታ መጨረሻ ላይ ዞረችልን' ነው የሚሉት።»

ኮፈኑን አስከፈትኩ። የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ እስከ መስመሩ ሙሉ ነው። ተንበርክኬ ከስር አየሁ። የተቆረጠ ቱቦ የለም፤ ከአራቱም ጎማ የሚንጠባጠብ የለም። ዘይት አለ፣ ፍሬን የለም። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ቁልፍ ማዞርና መካኒክ ሲዋሸኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ማዳመጥ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልገባኝም።

«ኢንስፔክተር!» አለችኝ ሳጅኗ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታወርድ። ሳጅኗ አብራኝ ያረጀች፣ አለቃ ፊትም ቢሆን ምላሷን የማትሰበስብ ሴት ናት። «ሰውዬው እያለቀለት ነው፤ ላይኛው ሰፈር።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«መኪናዋን የያዘው መካኒክ። ይቀየር።»

ሰፈሩ በሙሉ «ይቀየር» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱ የሚያስታውሰው አይመስለኝም። መኪና ስትወስድለት ኮፈን ሳይከፍት «ይቀየር» ይልሃል። ጎማህ ውስጥ ጠጠር ቢሰነቀር፣ ይቀየር። ደህናውን ዕቃ ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው እንደሚገጥም የማያውቅ የለም። እንግዲህ ይህ ሰው በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ ብረት ሲያስርበት በኖረው በገዛ ሞርሳው ጥርስ መሀል ቀኝ እጁን አስገብተውለት እጀታውን እያጠበቁ ሳለ ደረስን። ሳጅኗ ወደ ሰማይ ባትተኩስ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር። እጀታውን ወደ ኋላ ሳዞረው ሞርሳው ተከፈተ፤ ጣቶቹ ግን ተጣብቀው ቀሩ።

«ገዳይ ነው!» አለች አንዲት ሴትዮ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች። «'ሚስትህን ትቀብራለህ' ብሎ ሲዝትበት እዚሁ በር ላይ ሁላችንም ሰምተናል። ባልየው ዕቃ አልቀይርም ስላለው!»

«ብለሃል?» አልኩት።

ይቀየር ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ብያለሁ» አለ።

ካቴና የሚገባበት እጅ አንድ ብቻ ነበር የቀረው። በእሱ አሰርኩት።

ባልየው የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ሰው ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር መኝታ ቤት አስገብቶ የሚስቱ ልብስ በተዘረጋበት አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጠን።

«መኪናዋ ይቀየር ጋ ለምን ሄደች?» አልኩት።

«የሞተር ዘይት ሊለወጥላት። ለቤታችን ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። እሱ ጋ ዋለች። ከሥራ መልስ ልወስዳት ብሄድ 'የፍሬኑ ማስተር ይቀየር' አለኝ። ማስተር የሚሉት ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዕቃ ነው አሉ። እምቢ ስለው በሰው ፊት ዛተብኝ።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ግን ችላ አላልኩም። ለሚስቴ ብዬ በማግስቱ ሐቀኛው የሚሉት ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድናት፤ ሁለታችንም አብረን። 'ምንም የለባትም' ሲል ሚስቴ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች።»

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች፣ ያ ሌባ ነክቷት ነዋ! አላሠራም ስላልኩት ቂም ይዞ ቱቦ ቆርጦ ይሆናል፣ ብሎን አላልቶ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቄ!» ድምፁ ተሰበረ። ፊቱን በእጁ ሸፈነው። «ምናለ ደጋግማ ብትረግጠው! ደንግጣ ነው እንጂ ደጋግማ ብትረግጠው እኮ ይሄኔ ቤቷ ነበረች።»

«ይቅርታ አድርግልኝ፤ መጠየቅ ሥራዬ ነው። አደጋው ሲደርስ የት ነበርክ?»

«ክሊኒክ፤ እናቴ ጋ። ኩላሊቷን ታማለች፤ ሰኞና ሐሙስ እጥበት አላት። ስልኩ ሲደወልልኝ እጇን ይዤ ተቀምጬ ነበር።»

ሳጅኗ እንኳን አንገቷን ደፋች። ሚስቱ ስትሞት የእናቱን እጅ ይዞ የተቀመጠን ሰው ማን ይጠረጥራል? እኔ አልጠረጠርኩም። ያን ሰዓት ልቤ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ካቴና ያጠለቅኩለት ሰውዬ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላውንም እጁን ሞርሳ ውስጥ ቢከቱለት ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ይቀየርን ያገኘሁት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ጭንቅላት አክሎ ነው።

«ስማ» አልኩት። «ዘይቱ ሙሉ ነው። ቱቦው ደህና ነው። አንተ ደግሞ ማስተሩ ያፈሳል ብለሃል። ካፈሰሰ የት ገባ?»

«ወደ ውስጥ ነው የሚያፈሰው።»

«ወደ ውስጥ ብሎ ማፍሰስ አለ?»

«ጌታዬ፣ ማስተሩ ውስጥ ጎሚኒ የምንለው የላስቲክ ቀለበት አለ። ሲረግጡ ዘይቱን ወደ ፊት የሚገፋው እሱ ነው። ሲበላ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ ከመኪናዋ አይወጣም። ለዚህ ነው ሙሉ ሆኖ ያገኙት። ቶሎ ቶሎ ሲረግጡት ይጠነክራል፣ ደህና ነው ያሰኛል። ቀስ ብለው ረግጠው ከቆዩበት ግን ይሰምጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰው ረግጦ ነው የሚቆየው።»

«ጥሩ ተረት ነው።»

«አውቃለሁ። ተረት የሆነው እኔ ስላወራሁት ነው።»

«ለባልየውም ይህንኑ ተረት ነገርከው?»

«መንገር ብቻ! ወንበሩ ላይ አስቀምጬ 'ቀስ ብለህ ርገጥ፣ አትልቀቅ' አልኩት። ከእግሩ ስር ሲሰምጥበት ፊቱን አይቼዋለሁ። እኔ ለማንም እንዲህ አላሳይም፤ ስዋሽ ምን አሳያለሁ? ያን ቀን ግን እውነት ስለነበረ አሳየሁት። 'ግድ የለም' ብሎ ሲነሳ ደሜ ፈላ። ሚስቱ እንደምትነዳት አውቃለሁ። 'ሚስትህን ትቀብራለህ' አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? 'እባክህ ይቀየር' ብለው ማን ይሰማኛል?»

ሳጅኗ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ካንዱ ውሸታም አፍ እውነት ሊወጣ ይችላል ብሎ ማሰብ ያደክማል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ሳይደክሙ መፍረድን ያስለምዳል።

«እጅህን ምን አለህ ሐኪሙ?» አልኩት፣ ለመሄድ ስነሳ።

«ሁለቱ ጣት ይቆረጥ አለ።» ፋሻውን አየው። «እኔ እንኳ 'ይቀየር' ነበር የምለው።»

ሳጅኗ አምልጧት ሳቀች፤ ከዚያ በመሳቋ ተናዳ በሩን ደርግማ ወጣች።

ሐቀኛው የእኔም መካኒክ ነው። በሩ ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ፤ «ምንም የለባትም፣ ውሰዳት» ብሎ ሰው የሚመልስ መካኒክ ሌላ የት ይገኛል? በዚያ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ይቀየር «ይቀየር» ያለውን ሁሉ ሰው ወደ ሐቀኛው ይዞ ይሄዳል፤ ሐቀኛው ይሽረዋል፤ ሠራተኞቹም ቆመው ይስቃሉ። መኪና ባይበላሽብህም ለሳቁ ብቻ ብትሄድ አትከስርም።

«መጥተው ነበር፣ ባልና ሚስት» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሴትየዋ ናት 'ይቀየር ማስተር ይቀየር አለን' ያለችኝ። ልጆቹ በሙሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች።»

«አንተስ?»

«እኔም ሳቅኩ።»

«ከሳቅህ በኋላ ፍሬኑን አየኸው?»

«አየሁ እንጂ። ዘይቱ ሙሉ ነው። ጎማዎቹ ደረቅ ናቸው። ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ድንጋይ ነው።»

«እንዴት አድርገህ ረገጥከው?»

«እንዴት ይረገጣል? በእግር ነዋ!»

«ቀስ ብለህ ረግጠህ ቆየህበት ወይስ ቶሎ ቶሎ?»

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። «ቶሎ ቶሎ» አለ። ከዚያ አንድ ነገር የነከሰው ይመስል ፈጠን ብሎ «ግን ጠይቄዋለሁ!» አለ። «መኪና ከመንካቴ በፊት ባለቤቱን 'ምን ትላለች?' ሳልል አልቀርም፤ ሕመሙን የሚያውቀው የሚነዳት ነው። ባልየውን 'ምን ትላለች?' አልኩት። 'ምንም አትልም' አለኝ። ይቀየር ያሳየህ ነገር አለ ወይ ብዬም ጠይቄዋለሁ። 'ምን ያሳየኛል፣ ይቀየር አለኝ እንጂ' አለ። ያየው ነገር ቢኖር ይደብቀኛል? የገዛ መኪናው አይደለች?»

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ወይ ይቀየር፣ ወይ ባልየው። አንደኛው ስሙን በውሸት ያተረፈ፣ ሌላኛው ሚስቱን ትናንት ያጣ ነው። ሐቀኛውን «ልበስና ና» አልኩት።

የተሰባበረችው መኪና በጣቢያው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ወንበሩ ላይ የደረቀውን ደም በፌስታል ሸፍኜ ሟቿ በተቀመጠችበት ተቀመጥኩ። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት። ጠነከረ፤ ድንጋይ ነው። ሐቀኛው በእፎይታ ተነፈሰ። ከዚያ እግሬን አሳርፌ፣ ቀስ ብዬ፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ጫን አልኩትና ቆየሁበት። መጀመሪያ ያዘ። ቀጥሎ ከእግሬ ስር ቀስ እያለ እንደ ረጠበ አፈር መውረድ ጀመረ፤ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ወለሉን ነካ።

«ተነስ፣ እኔ ልየው» አለኝ ሐቀኛው።

ተቀመጠ። ረገጠ። ቆየበት። ወለሉን ሲነካበት እግሩን ሳያነሳ እዚያው ቀረ።

«መኪናዋን አይደለም የመረመርኩት» አለ። «ሰውዬውን ነው። ይቀየር ነው ያለው ሲሉኝ በቃኝ። ሳቅኩባት እኮ! ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳቅኩባት!»

ላጽናናው ፈቃደኛ አልነበርኩም። ሸራውን መልሼ አለበስኳትና ብቻውን ትቼው ገባሁ።

አለቃዬ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ሽቅብ ተንጠራራ። «እሺ። ውሸታሙ እውነት ተናገረ፣ ሐቀኛው ተሳሳተ፣ ሴትየዋ ሞተች። ይህን በየትኛው አንቀጽ ልትከስልኝ ነው? አደጋ ነው። ሰውዬውን ፍታውና ዝጋው።»

ልዘጋው ነበር። ያላስዘጋችኝ ሳጅኗ ናት። «የባልየውን ቃል እኮ አላረጋገጥንም» አለች።

«'እናቴ ጋ ነበርኩ' ብሎናል። ምኑ ይረጋገጣል?»

«ስለዚህ ሳንመረምር እንዝጋዋ! ሐቀኛውም ሳይመረምር ነው የዘጋው።»

ይህን ካለችኝ በኋላ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ነርስ የባልየውን እናት ስም ገና ስንጠራ አወቀቻቸው። «አዎ፣ ያን ቀን ከልጃቸው ጋር ነው የመጡት። ከጠዋት ጀምሮ ከጎናቸው አልተነሳም።»

ሳጅኗ በቃኝ አለች፤ የመጣንበት ጉዳይ አልቋል። እኔም ወደ በሩ ዞሬ ነበር።

«አልረሳውም፤ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ» አለች ነርሷ አልጋ እያነጠፈች።

ዞርኩ። «እስከዛሬ ማን ነበር የሚያመጣቸው?»

«ምራታቸው ናት እንጂ፣ ነፍሷን ይማረውና! ሰኞም ሐሙስም ከጎኗ አስቀምጣ ታመጣቸውና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ያን ቁልቁለት ሲወርዱ ነው አብረው የሚዘፍኑት፤ አሮጊቷ እዚህ ገብተውም ሲያንጎራጉሩ ነበር የምንሰማው። እኔ ልጃቸው ትመስለኝ ነበር።»

ውጭ ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ሳጅኗ ክንዴን ያዘችው። ለሁለታችንም የታየን ያ በግድግዳ የተበላ ወንበር ነው። በእያንዳንዱ ሰኞና ሐሙስ ሰው ይቀመጥበት ነበር፤ ያን ሐሙስ ብቻ ባዶ ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በኩራት ያቀረበልኝ ማስረጃ እሱን የሚያድነው መስሎኝ ተቀብዬው ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ይቀየር ጋ ሄድን። ጣቶቹ ተቆርጠዋል፤ ግድግዳውን እያየ ተኝቷል።

«መኪናዋን ያን ቀን ከጋራዥህ ነድቶ የወጣው ማን ነው?» አልኩት።

«እሱ ነዋ።»

«በዚያ ፍሬን እንዴት ቤቱ ደረሰ?»

«እኔ ነኛ መላ ያበጀሁለት! 'ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጠው፣ ያኔ ትይዝልሃለች' አልኩት። እንዳልኩት ነው የሄደው። የኋላ መብራቷ እስከ መታጠፊያው ብልጭ ብልጭ ሲል ቆሜ እያየሁት ነበር።»

ባልየው አልጋው ጫፍ ላይ ፊቱን ሸፍኖ ያለውን ሰማሁት፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ደጋግማ ብትረግጠው። ቱቦ የተቆረጠባት መኪና ሺ ጊዜ ብትረገጥ አትይዝም። ይቀየር ቱቦ ቆርጦ ይሆናል ብሎ የከሰሰ ሰው ሚስቱ ደጋግማ ብትረግጥ እንደምትድን በምን አወቀ? የሚያድናትን ነገር ያውቅ ነበር። ቁርስ ሲበሉም ያውቅ ነበር፤ ቁልፉን ስታነሳም ያውቅ ነበር።

ግን ዓቃቤ ሕግ ፊት ይህ ምን ያደርጋል? «ማንም ሹፌር የሚያውቀውን ነው ያልኩት» ይላል። ይቀየርን ምስክር ባቀርብ ችሎቱ በሙሉ ይስቃል። የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እናትየው ቤት ስንገባ የተቀበሉን በለቅሶ ያበጠ ዓይን ይዘው ነው። ክንዳቸው ላይ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ቦታ የዶሮ እንቁላል አክሎ ወጥቷል። ሳጅኗን ከጎናቸው አስቀመጧት፤ ለእኔ ትራሱን አስተካከሉልኝ።

«እማማ፣ ያን ሐሙስ ልጅዎ ነው አሉ ክሊኒክ የወሰድዎት» አልኳቸው። ድምፄን አለሰለስኩት። እናትን ስጠይቅ ድምፄን ማለስለስ አውቅበታለሁ፤ ብዙ ልጆች ያሰርኩት በዚያ ድምፅ ነው።

«አዎ የኔ ልጅ። ሰው ደረቅ ነው ይለዋል፤ ለእኔ ግን እንዲያ አይደለም። ዋዜማውን ማታ ደወለልኝ። 'እማዬ፣ ነገ እሷ መኪና ውስጥ እንዳትገቢ። እኔ ራሴ በታክሲ መጥቼ እወስድሻለሁ' አለኝ። ስንት ዘመን ለምኜው አንድ ቀን ይዞኝ ሄዶ አያውቅም። ደስታዬን አልቻልኩትም።»

«እንዳትገቢ ነው ያለዎት?»

«እንዳትገቢ ነው ያለኝ።»

«ለእሷስ ደውለው አልነገሯትም? እንዳትጠብቅዎት።»

«ልደውል ብዬ ነበር። 'እንዳትነግሪያት፣ ትቀየማለች፤ ጠዋት እኔው እነግራታለሁ' አለኝ። ተውኩት።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «የኔ ቆንጆ! እሷም እኮ ከቤቱ ልትወጣ ነበር። ልትፈታው ቆርጣለች፤ ለእኔ ነው የነገረችኝ። 'እሱን ብፈታ እርስዎን አልፈታም። ሰኞና ሐሙስ የእኔ ነዎት' አለችኝ። እንዲህ ያለ ምራት ለማን ተሰጥቷል?»

«እፈታዋለሁ ማለቷን ልጅዎ ያውቅ ነበር?»

«እኔ ነገርኩት። 'እኔን ግን አልተውሽም ብላኛለች' አልኩት፤ ደስ እንዲለው ብዬ።»

ሳጅኗ ቃላቸውን መዝግባ ጨረሰች። የጻፈችውን አነበብኩላቸው። ልክ ነው አሉ። የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ፈረሙ። ምን ላይ እንደፈረሙ አልነገርኳቸውም። ልናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም፤ ፊርማውን ፈልጌው ነበር።

ብዕሩን ሲመልሱልኝ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ» አሉ። «ቆይ እስቲ ልጄ። መኪናዋ እንደምትከዳ በምን አወቀ?»

የፈረሙበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሳጅኗ እጃቸውን ልትይዝ ስትል መነጨቋት።

ባልየውን ያመጣሁት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ወረቀት እያረመ አገኘሁት። የምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይም ሸሚዙን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«አልነካኋትም» አለ። «አንድ ብሎን አልፈታሁም። ሐቀኛው ነው ደህና ናት ያላት። ለምን እሱን አታስረውም?»

«ይቀየር ፔዳሉን በእግርህ አላስረገጠህም?»

«የይቀየርን ቃል ይዘህ ነው የምትጠይቀኝ?» ሊስቅ ሞከረ። «ማን ያምነዋል እሱን?»

«አንተ አምነኸዋል።»

«እኔ?»

«ካላመንከው እናትህን ለምን አስቀረሃቸው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሸሚዙን ነካ፤ አንገትጌውን ነካ። «ማን ነገራችሁ?» አለኝ።

ልነግረው አይገባኝም ነበር። የነገርኩት ፊቱን ማየት ስለፈለግኩ ብቻ ነው።

«እናትህ። ፈርመዋል።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «ትሄዳለች ብቻ አይደለም እኮ። እናቴን ይዛብኝ ልትሄድ ነበር! የገዛ እናቴ የእሷን ስም እያነሳች ነው የምትስቅልኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ እንጂ ምን አደረግኩ?»

«ደጋግመሽ ርገጪው ብትላት ይበቃት ነበር» አልኩት።

ይቀየርን በዚያው ቀን ፈታነው። በሞርሳ ከጨፈለቁት አንድ እንኳ ይቅርታ ያለው የለም፤ «ድሮስ ሌባ አልነበረም ወይ» ነው የሚሉት። በግራ እጁ ብሎን ሊፈታ ሲታገል አየሁት፤ ሰላም ሳልለው አለፍኩ። ሐቀኛው በር ላይ ያለው ሰልፍ ግን እንደነበረ ነው። እሱ ሊናዘዝላቸው ቢሞክርም ደንበኞቹ «ሰው ይሳሳታል» እያሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዤ እናትየው ደጅ ቆምኩ። ምን እንደመራኝ አላውቅም። ምናልባት ያ ፊርማ ከብዶኝ ይሆናል።

በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ። ፊታቸው ማበጥ ጀምሯል።

«እማማ፣ የእጥበት ቀንዎ ነው። ልውሰድዎት ብዬ ነው።»

«ልደውልላት ነበር» አሉኝ። «አንድ ቃል ብቻ። 'ነገ አትምጪ፣ መኪናዋን ተያት ብሎኛል' ብላት አትወጣም ነበር። ዝም በይ አለኝ፤ ዝም አልኩ።»

«እርስዎ አላወቁም እኮ።»

«አሁን አውቄያለሁ። ሂድ የኔ ልጅ። እኔ የምሄደው ከእሷ ጋር ነው።»

በሩን ዘጉት። ለመንኩ፤ አልከፈቱም። ሰኞም ሄድኩ፤ ከውስጥ ያንጎራጉሩ ነበር። ሐሙስ ስንሄድ ድምፅ ስላጣን በሩን የሰበርነው እኔና ሳጅኗ ነን።

ለልጃቸው የነገርኩትም እኔ ነኝ። እስር ቤቱ ውስጥ ከብረቱ ማዶ ቆሞ ሰማኝ። መጀመሪያ አልገባውም።

«እንዴት?» አለኝ። «ክሊኒክ የሚወስዳት ሰው አልነበረም?»

«ነበረች» አልኩት። «ገደልካት።»